የቆርቆሮው ብር ለቤዝቦል ሄደ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከአዘዞ ነው። እህቴ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ትኖራለች። እሷ በምትልከው ብር ለእናታችን ቤት እያሠራን ነበር፤ ግድግዳው አልቆ ቆርቆሮ ብቻ ነው የቀረው። አሁን ግን “ለአንድ ዓመት መላክ አልችልም” አለችኝ። ምክንያቱ ልጇ ነው። 16 ዓመቱ ነው፣ አሥረኛ ክፍልን ሊጨርስ ነው። ለትምህርት ቤቱ ቤዝቦል ይጫወታል፣ ወርዋሪ ነው አሉ። ከከተማ ከተማ እየዞረ የሚጫወት የግል ቡድን ከገባ ኮሌጅ በነጻ ይማራል ብለዋታል፤ ክፍያው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ለልምምድ ብሎ የሒሳብ ጥናቱን ሁሉ ትቶታል። “ታላቄ ነህና ምከረኝ” ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ በዱላ የሚመታ ኳስ የማውቀው የገና ሩር ነው። እርስዎ እዚያ ኖረው የመጡ ስለሆነ ይንገሩኝ፤ ነገሩ እውነት ነው ወይስ እህቴን እየበሏት ነው?

ወንድምዎ፣ ከአዘዞ

መልስ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያስጨነቀህ ልጁ ነው ቆርቆሮው? አትቀየመኝ። ሁለቱም ቢሆኑ አልፈርድብህም፣ ክረምቱ ደጃችን ላይ ነው። ግን እህትህን ስትመክር ልቧ የሚጠይቃት ይሄንኑ ስለሆነ መልሱን ይዘህ ደውልላት።

እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ 19 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ልጄም እንደ እህትህ ልጅ ወርዋሪ ነበር፤ ኳሱን በዱላ ለሚመታው ተጋጣሚ የሚወረውረው ማለት ነው። ስለዚህ የምነግርህ ግማሹ ያነበብኩት ነው፣ ግማሹ ደግሞ ኪሴን ያስነካኝ ነው።

እየበሏት ነው ወይ ላልከው፣ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ግን “በነጻ” የሚለው ቃል ላይ ቁም። በፋሲለደስ ስታዲየም ዙሪያ ኳስ የሚያንከባልል ልጅ ሁሉ የፋሲል ከነማን ማልያ አይለብስም አይደል? እዚያም እንደዚያው ነው። ሃይስኩል ውስጥ ቤዝቦል ከሚጫወቱ 100 ልጆች ኤንሲኤኤ የሚባለው ማኅበር በሚያወዳድራቸው ኮሌጆች የሚጫወቱት ሰባት ወይ ስምንት ቢሆኑ ነው። ትልቁ ደረጃ ዲቪዥን አንድ ይባላል፤ እዚያ የሚደርሱት ሁለት ያህል ናቸው።

እነዚያ ሁለቱም ቢሆኑ ሁሉ ነገር ተከፍሎላቸው ላይማሩ ይችላሉ። ለብዙ ዓመታት አንድ የዲቪዥን አንድ ቡድን መስጠት የሚችለው 11.7 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። እሱም እንደ ድፎ ዳቦ እየተቆረሰ ለሃያ ምናምን ልጅ ይከፋፈላል፤ አንዱ ሩቡን ያገኛል፣ አንዱ ግማሹን፣ ቀሪውን ቤተሰብ ይሸፍናል። ከ2025 መኸር ጀምሮ (በፈረንጆቹ ነው) በፍርድ ቤት ስምምነት ይሄ ተቀይሯል። አዲሱን ደንብ የተቀበለ ኮሌጅ እስከ 34 ልጅ ይይዛል፣ ለሁሉም መክፈልም ይችላል። ይችላል ነው ያልኩህ፣ ግዴታ የለበትም። ቡድኑ ሲጠብ ደግሞ አሰልጣኙ ከሃይስኩል ከሚመጣው ጀማሪ ይልቅ ከሌላ ኮሌጅ የሚዛወረውን የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ይመርጣል። ለእህትህ ልጅ ይሄ መልካም ዜና አይደለም።

ግን ዲቪዥን አንድ ብቻ አይደለም ያለው። ዲቪዥን ሁለት ከፊል ስኮላርሺፕ አለው። ዲቪዥን ሦስት ለስፖርት ብሎ ሳንቲም አይሰጥም፤ ሆኖም ብዙዎቹ በማርክና በቤተሰብ ገቢ እየለኩ ጥሩ አድርገው ይደጉማሉ። የሁለት ዓመት ኮሌጆችም አሉ፣ ጁኮ ይሏቸዋል፤ ልጁ እዚያ አድጎና ጠንክሮ ወደ ትልቁ ይሻገራል። ሐበሻ ወላጅ ግን ስሙን በቴሌቪዥን ያልሰማውን ኮሌጅ ኮሌጅ አይለውም። እኔም አልልም ነበር።

አሁን ወደ ሒሳብ ጥናቱ እንምጣ፣ ከሁሉም ያናደደኝ እሱ ነው። ኤንሲኤኤ ዲቪዥን አንድ ለመጫወት 16 ዋና ዋና የሃይስኩል ትምህርቶች ያስፈልጋሉ፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብና የመሳሰሉት። የእነሱ አማካይ ውጤት ከ4 ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። ከ16ቱ አሥሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳይጀመር ማለቅ አለባቸው። ከአሥሩ ሰባቱ ደግሞ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ ይሆናሉ። ውጤቱም እዚያ ላይ ይቆለፋል፣ “ዘንድሮ ደግሜ አሻሽለዋለሁ” የለም። ስለዚህ ሒሳቡን ትቶ ኳስ የሚወረውር ልጅ የሚወረውርበትን ሜዳ ራሱ እየዘጋ ነው። ትምህርት ቤት የሚሰጠው ኮርስ ሁሉ እንደማይቆጠርም እህትህ ትወቅ፤ የተፈቀዱት ኮርሶች ዝርዝር አለ፣ የትምህርት ቤቱን አማካሪ (ካውንስለር ይሉታል) ቀጠሮ ይዛ “ልጄ የትኞቹን ጨርሷል፣ የትኞቹ ይቀሩታል?” ብላ ትጠይቀው። ይሄ ብር አያስወጣም። 2.3 ደግሞ ወለሉ ነው፤ የማርክ ድጎማ የሚፈልግ ልጅ ከዚያ በጣም ከፍ ማለት አለበት።

ችሎታውስ? ደግነቱ ቤዝቦል ይለካል። ትልልቆቹ ቡድኖች ከወርዋሪ የሚፈልጉት ፍጥነት በሰዓት 90 ማይል አካባቢ ነው፣ 145 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከወርዋሪው እስከ መቺው ያለው ርቀት 18 ሜትር ከግማሽ አይሞላም፤ መቺው ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ ኳሷ አልፋለች። ልጁ በ16 ዓመቱ 78 ወይም 80 ከወረወረ ተስፋ የለውም ማለት አይደለም፣ ቁመቱም ጉልበቱም ገና ይጨምራል። ግን ቁጥሩን ማወቅ አለባት። ልጁን ሸጦ ከማያተርፍ ሰው ትጠይቅ፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤቱን አሰልጣኝ፦ “የትኛው ደረጃ ላይ ሊጫወት ይችላል ብለህ ታስባለህ?” ብዙዎቹ ሲጠየቁ እውነቱን ይናገራሉ። የሚጠይቃቸው ነው የሌለው።

የእኔን ጉድ ልንገርህ። አንድ ቀን “ልጅዎ ተመርጧል” የሚል ደብዳቤ መጣልን። የኮሌጅ አሰልጣኞች ቆመው የሚያዩበት የሁለት ቀን ዝግጅት፣ ሾውኬዝ ነው የሚሉት። በደስታ ለዕቁብተኛው ሁሉ አሳየሁ። ከፈልኩ፣ ሥራ ዘጋሁ፣ አምስት ሰዓት ነድቼ ወሰድኩት። ስንደርስ ጀርባው ላይ ቁጥር የተለጠፈበት ልጅ ሜዳውን ሞልቶታል። የእኔ ልጅ አሥራ ሁለት ኳስ ወረወረ፣ አመስግነው ሸኙን። በኋላ ስጠያየቅ ደብዳቤው ኢሜይሉን ለሰጠ ሁሉ የሚላክ ነው! የቤንዚኑ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ልጄን ያወጣው ሌላ ነገር ነው። ራሱ ቁጭ ብሎ ለአርባ ያህል ትናንሽ ኮሌጆች አሰልጣኞች ኢሜይል ጻፈ፤ ቁመቱን፣ ፍጥነቱን፣ ማርኩን፣ በስልክ የተቀረጸች የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ጨምሮ። አብዛኞቹ ዝም አሉ። ስድስት መለሱ። አንዱ ዲቪዥን ሦስት ኮሌጅ በማርኩ ጥሩ ድጎማ ሰጠው፣ ገባ፣ ተጫወተ፣ ዛሬ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ልብ አድርግ፣ የጻፈው ልጁ ነው እንጂ አባቱ አይደለም። አሰልጣኞች እናት ስትጽፍ ወይ ስትደውል አይወዱም። ሜዳ ላይ ሲመጡም ኳሱን ብቻ አያዩም፤ ተሸንፎ ሲወጣ ጓንቱን የሚወረውረውንና ቦርሳውን እናቱን የሚያሸክመውን ልጅ መዝግበው ይሄዳሉ። የዲቪዥን አንድ አሰልጣኞች ለአንድ ልጅ ራሳቸው መደወልና መጻፍ የሚፈቀድላቸው አሥራ አንደኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ካለው ኦገስት 1 ጀምሮ ነው፣ በእኛ ሐምሌ 25። ለእህትህ ልጅ ዘንድሮ ማለት ነው። ያን ቀን ስልኩ ካልጮኸ ዓለም አበቃ ብሎ እንዳያለቅስ፤ የብዙዎቹ አይጮኽም። እሱ መጻፉን ይቀጥል።

ክንዱን ደግሞ አደራ። ለ15 እና ለ16 ዓመት ልጆች የወጣው የአሜሪካ መመሪያ በቀን ከ95 ውርወራ በላይ አይፈቅድም፤ 76 ከደረሰ አራት ቀን ማረፍ አለበት። በዓመትም ቢያንስ አራት ወር ከውድድር ውርወራ እረፍት ይላል። ችግሩ ማክሰኞ ለትምህርት ቤቱ፣ ቅዳሜ ለግል ቡድኑ ሲወረውር ሁለቱን የሚደምር ሰው አለመኖሩ ነው። እህትህ ደብተር ትያዝ፣ ራሷ ትደምር። የክርን ጅማት ከተበጠሰ ቀዶ ጥገና ነው፣ ከዚያ በኋላ ወደ ውድድር ለመመለስ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። የእኔ ልጅ ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ክርኑን ይቆጠቁጠዋል።

እና ምን ትላታለህ? የግል ቡድኑን ሙሉ በሙሉ አትከልክላት። ልጁ ጠንካራ ተጋጣሚ ያስፈልገዋል፣ እኩዮቹም እዚያ ናቸው። ግን በአውሮፕላን የሚያዞረውን ትታ በመኪና ደርሶ መመለስ የሚቻልበትን፣ በአካባቢዋ ያለውን ትፈልግ፤ ዋጋው በጣም ይለያያል። ልጁ ወደ ሒሳብ ጥናቱ ይመለስ፣ ይሄ ለድርድር አይቀርብም። ሾውኬዝ ከተባለ በስም የሚያውቀው አሰልጣኝ “እዚያ እመጣለሁ፣ ላይህ እፈልጋለሁ” ብሎ ከጻፈለት ብቻ ትክፈል።

እንዲህ ካደረገች ከብሩ የተወሰነ ሊተርፋት ይችላል። ቆርቆሮውን ግን አንተ አታንሳባት፣ ራሷ ታንሳው። እስከዚያ ግድግዳው ጭቃ ከሆነ አናቱን ሸራ አልብሰውና ዙሪያውን ቦይ ቆፍርለት፤ የሰኔን ዝናብ ታውቀዋለህ።