የአንባቢያን ጥያቄ፦ የሽርሽር መርከብ ወደብ ላይ በምትቆምበት ቀን ደሴቱን በኪራይ መኪና መጎብኘት

ጥያቄ

ለተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፤ የደሴ ከተማ ነዋሪ የሆንኩ ጡረተኛ ሾፌር ነኝ። የአሰብ ወደብ በሚሠራበት ዘመን በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ በኩል ተሳቢ ይዤ ስመላለስ ኖሬያለሁ። እንግሊዝ አገር የምትኖረው ልጄ እኔንና እናቷን ወስዳ በሽርሽር መርከብ ልታዝናናን አስባለች። መርከቧ ከሳውዝሃምፕተን ተነሥታ የፖርቱጋል ግዛት በሆነችው በማዴይራ ደሴት፣ ፉንሻል በሚባለው ወደብ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ትቆማለች። ልጄ «መኪና ተከራይተን ደሴቱን ሙሉ እንዞራለን» ትላለች፤ ባለቤቴ ደግሞ «መርከቧ ጥላን ብትሄድስ» እያለች ትጨነቃለች። ልጅቱ በደወለች ቁጥር «አብሽሩ» ከማለት በቀር ዝርዝሩን አትነግረንም። እኔም የተራራ መንገድ ለምጄ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ መሪውን ብይዝ ደስ ይለኛል። የእኔ መንጃ ፈቃድ እዚያ ይሠራል? ጉዞውስ ይመከራል?

መልስ

የተከበሩ አባታችን፤ መኪና መከራየቱን እንደግፋለን። ነገር ግን ደሴቱን ሙሉ መዞር የሚለውን ሐሳብ ትታችሁ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንድትመርጡ፣ መሪውንም ልጅዎ እንድትይዝ፣ እርስዎ ደግሞ ከጎኗ እንዲቀመጡ እንመክራለን። ይህን ያልንበትን ምክንያት ረዘም አድርገን እንገልጻለን፤ ምክንያቱም የባለቤትዎ ሥጋት «አብሽሩ» በሚል ቃል ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ሰዓቱ። መርከቧ 12 ሰዓት ትነሣለች ማለት እስከ 12 ሰዓት መሳፈር ይቻላል ማለት አይደለም። የመርከብ ድርጅቶች መንገደኛው ሁሉ ከመነሻው ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዶቹም አንድ ሰዓት አስቀድሞ ተሳፍሮ እንዲያበቃ ያዛሉ፤ ይህም ሰዓት በየዕለቱ ለተሳፋሪው በሚታደለው ወረቀት ወይም በመርከቡ የስልክ መተግበሪያ ላይ ይገለጻል። እዚያ ላይ 17:30 ተብሎ ቢጻፍ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ባለቤትዎ ሰዓታቸውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ልጅዎም በፈረንጆቹ ይዘው በየፊናቸው ቢነጋገሩ የስድስት ሰዓት ልዩነት ሊፈጠር ስለሚችል፣ ከመርከቧ ከመውረዳችሁ በፊት የመመለሻውን ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። የማዴይራና የእንግሊዝ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው። መርከቧ አስቀድማ የስፔንን ዋና ምድር ከነካች ግን እዚያ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም፣ የመርከቡ ሰዓትና በልጅዎ ስልክ ላይ ራሱን የሚያስተካክለው ሰዓት ሊለያዩ ይችላሉ። ገዢው የመርከቡ ሰዓት ነው። በዚያው የተሞላ የእጅ ሰዓት ከአንዳችሁ እጅ አይጥፋ።

አሁን ቀኑን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንቁጠረው። መሳፈሪያው የሚዘጋው 11 ሰዓት ተኩል ከሆነ መኪናውን 10 ሰዓት ላይ ማስረከብ አለባችሁ፤ ያ አንድ ሰዓት ተኩል ለነዳጅ መሙያ፣ ለመኪናው ርክክብ፣ ወደ ወደቡ በእግር ለመመለስና ለፍተሻ ሰልፍ የተተወ ነው። ጠዋት ደግሞ መርከቧ 2 ሰዓት ብትደርስም መንገደኛው እንዲወርድ እስኪፈቀድና እናንተም ከኪራይ ቢሮው ደርሳችሁ ወረቀቱ እስኪያልቅ 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በእጃችሁ የሚቀረው ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ማዴይራ በርዝመት 57፣ በወርድ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነች በካርታ ላይ ትንሽ ትመስላለች። መሬቷ ግን ሁሉም አቀበትና ቁልቁለት ነውና ምሳና ዕረፍት ሲጨመርበት ይህ ጊዜ ለአንድ አቅጣጫ እንጂ ለዙሪያው አይበቃም።

መርከቧ ጥላችሁ ብትሄድ ምን ይሆናል ለሚለው፣ እውነቱን ሳንሸፍን እንናገራለን። መርከብ በራሱ ድርጅት አማካይነት ለጉብኝት የወጡ መንገደኞችን ይጠብቃል፤ በራሳቸው የወጡትን ግን አይጠብቅም። የቀረ ሰው በገዛ ወጪው እስከሚቀጥለው ወደብ መድረስ አለበት፤ ከማዴይራ ደግሞ ወደሚቀጥለው ወደብ የሚያደርሰው በተግባር አውሮፕላን ብቻ ነው። የደሴቱ አውሮፕላን ማረፊያ በነፋስ ምክንያት በረራ የሚስተጓጎልበት በመሆኑ የታወቀ ነው። በዚህ ላይ የእርስዎና የባለቤትዎ ፓስፖርት የኢትዮጵያ ስለሆነ ፖርቱጋል ለመውረድ የሸንገን ቪዛ፣ ወደ እንግሊዝ ለመመለስም የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ስለዚህ በዚያ ቀን ፓስፖርታችሁ መርከቡ ላይ ካልተያዘ ይዛችሁ ውጡ፤ ከተያዘም ቪዛው ያለበትን ገጽ ጨምሮ ቅጂውን ያዙ። በዕለቱ ወረቀት ላይ የሚገኘውን የወደብ ወኪል ስልክ ቁጥርም መዝግቡ። መዘግየታችሁ ከታወቃችሁ ሳታመነቱ ወዲያውኑ ደውሉ።

ስለ መንጃ ፈቃዱ ወደ ጠየቁት እንመለስ። የእርስዎ ችሎታ አያጠያይቅም፤ የባቲን ቁልቁለት ተሳቢ ይዞ የወረደ ሰው የማዴይራ መንገድ አያስፈራውም። ችግሩ በወረቀቱና በዕድሜው በኩል ነው። የኪራይ ድርጅቶች በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ላይ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ አንዳንዶቹም ከተወሰነ ዕድሜ በላይ ለሆነ ሰው አያከራዩም ወይም ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃሉ። የልጅዎ የእንግሊዝ መንጃ ፈቃድ ግን ፖርቱጋል ውስጥ ያለ ተጨማሪ ወረቀት ይሠራል። ከዚህ ይልቅ አጥብቀን የምንናገረው አንድ ነገር አለ፦ ስሙ በውሉ ላይ ያልተመዘገበ ሰው «ለትንሽ ቦታ ልንዳ» ብሎ መሪውን ቢይዝና አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ አይከፍልም። መንዳቱን የግድ ከፈለጉ ልጅዎ ከመመዝገቧ በፊት ለድርጅቱ ጽፋ የእርስዎን መንጃ ፈቃድና ዕድሜ ታሳውቅ፤ ከተቀበሉም እንደ ሁለተኛ አሽከርካሪ ይመዝግቡዎ።

ሆኖም የእርስዎ ልምድ በዚያ ቀን በጣም የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። እንግሊዝ አገር መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ፣ መሪውም በቀኝ ነው፤ ማዴይራ ግን እንደ እኛ አገር በቀኝ ይነዳል፣ መሪውም በግራ ነው። ስለዚህ ለመንገዱ ወረቀት ያላት ልጅዎ ስትሆን፣ ለመንገዱ ልማድ ያለዎት እርስዎ ነዎት። ስሕተት የሚፈጠረው በቀጥታው መንገድ ላይ ሳይሆን ከነዳጅ ማደያ ሲወጣ፣ ባዶ መንገድ ላይ ሲታጠፍና አደባባይ ሲገባ ነው። አደባባይ ላይ በቀኝ ገብታ ከግራዋ ለሚመጣው ቅድሚያ እንድትሰጥ፣ በጠባብ መንገድም መኪናው ወደ ቀኙ ጠርዝ አብዝቶ እንዳይጠጋ ከጎኗ ሆነው ያሳስቧት። እንግሊዝ የለመደ ሰው መሪው በግራ ሲሆንበት የቀኙን ርቀት በትክክል ስለማይገምት ጎማና መስታወት የሚጎዳው በዚያ በኩል ነው። አውቶማቲክ ለምዳ ከሆነም ካምቢዮው አውቶማቲክ የሆነ መኪና አስቀድማ ትያዝ፤ በአውሮፓ ብዙው የኪራይ መኪና በእጅ የሚቀየር ማርሽ ነውና በመጨረሻው ሰዓት አይገኝም፤ የፉንሻል ዳገት ላይ ደግሞ ፍሪሲዮን መማር አይቻልም።

ስለ ውሉም ጥቂት ነገሮች አሉ። መኪናው ከፉንሻል ከተማ ወይም ከወደቡ አካባቢ ካለ ቢሮ ይያዝ። በኢንተርኔት ስትፈልጉ ቀድሞ የሚመጣው የአውሮፕላን ማረፊያው ቢሮ ነው፤ እሱ ግን ከከተማው በስተ ምሥራቅ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ መርከቧ የምትቆምበት ቦታ ደግሞ ለከተማው መሐል በእግር የሚደረስ ነው። ቀኑ እሑድ ከሆነ ቢሮው መከፈቱን አረጋግጡ። ክፍያው በልጅዎ ስም በወጣ ክሬዲት ካርድ መሆን አለበት፤ በዴቢት ካርድ ወይም በጥሬ ገንዘብ መያዣ የማይቀበሉ ብዙ ናቸው። በመሠረታዊው ኢንሹራንስ አደጋ ቢደርስ ከተከራዩ ኪስ የሚወጣ ድርሻ አለ፤ ጎማ፣ መስታወትና የመኪናው ሆድ ዕቃም ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። ስለዚህ መኪናውን ስትረከቡ እርስዎ እንደ ድሮው ዙሪያውን ይመርምሩት፦ ጎማውን፣ የጎማውን ቸርኬ፣ ከፓራውልቱ ሥር፣ መስታወቱን፣ የነዳጁን መጠን። ልጅዎም እየተከተለች በስልኳ ትቅረጽ፤ ሲመለስም እንደገና ይቀረጽ። አንጸባራቂ ሰደርያና ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት በመኪናው ውስጥ መኖሩን ተመልከቱ፤ የፖርቱጋል ሕግ ያስገድዳል። የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው።

መንገዱን በተመለከተ ምክራችን ሩቁን አስቀድማችሁ ቅርቡን ለመጨረሻ እንድትተዉ ነው፤ ሰዓት ቢያጥር የሚቀረው ለወደቡ የቀረበው ይሁን። ለእናንተ የምንመርጠው የምዕራቡን አቅጣጫ ነው። ከፉንሻል በፈጣኑ መንገድ እስከ ሪቤይራ ብራቫ ትሄዳላችሁ፤ መንገዱ ክፍያ የለውም። ከዚያ ወደ ሰሜን ታጥፋችሁ ተራራውን በዋሻ ትሻገራላችሁ። እርስዎ ከጣርማ በር ዋሻ በላይ ረጅም ዋሻ ነድተው እንደሆነ አናውቅም፤ ይህኛው ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሰሜኑ ጠረፍ ሳኦ ቪሴንቴን አልፋችሁ ፖርቶ ሞኒዝ ስትደርሱ ከእሳተ ገሞራ የቀለጠው ድንጋይ ረግቶ በሠራው ገንዳ ውስጥ የባሕሩ ውኃ እየገባ የተፈጥሮ መዋኛ ሆኖ ታዩታላችሁ። ያለ ዕረፍት ከተነዳ ጉዞው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ስትመለሱ ካቦ ዢራኦ በተባለው፣ ከባሕሩ በላይ 580 ሜትር በሚቆም ገደል ላይ ቁሙ። ጫፉ ላይ ወለሉ መስታወት የሆነ መመልከቻ ስላለ፣ ባለቤትዎ ከፍታ የሚፈሩ ከሆነ ከመስታወቱ ወዲህ ሆነው ማየት ይችላሉ። ከገደሉ ግርጌና በዙሪያው የምታዩት የሙዝና የወይን እርከን ግን የወሎን ገበሬ እጅግ የሚማርክ ነው። ዝናብ ከሚበዛበት ከሰሜኑ ውኃውን ወደ ደረቁ ደቡብ የሚያመጡት፣ ሌቫዳ የሚባሉት ቦዮች በተራራው ወገብ ላይ ተቀርጸው ሲሄዱ አይታችሁ አንዱን ይዛችሁ ጥቂት ብትራመዱ ከማንኛውም የቱሪስት ሱቅ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን።

በምሥራቁና በመሐሉ በኩል ያለው ታዋቂ ቦታ 1,818 ሜትር ከፍታ ያለው ፒኮ ዶ አሪዬሮ ነው። አስፋልቱ እስከ ጫፉ ይደርሳል። ከፍታው ከኮምቦልቻ ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ ለደሴ ሰው ትንፋሽ የሚያሳጥር አይደለም፤ መንገዱ ግን ከባሕር ወለል ተነሥቶ ያንን ሁሉ በአጭር ርቀት ይወጣል። የሐረጎን ጉም የሚያውቅ ሰው እዚያም በቀን የሚጋርደውን ደመና ይረዳዋል። ወደዚያ መሄድ ከመረጣችሁ በጠዋቱ ይሁን፤ ስትወርዱም ፍሬን ላይ ብቻ ሳትተማመኑ በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ። ሁለቱን አቅጣጫ በአንድ ቀን አትሞክሩ።

አንድ ነገር ሳናስታውስ አንለፍ። በመመለሻችሁ ካማራ ዴ ሎቦስ በምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ብታርፉ ፖንሻ የሚባል የማርና የሎሚ መጠጥ ይቀርብላችኋል። ጣዕሙ ጭማቂ ቢመስልም በሸንኮራ አገዳ አረቄ የሚሠራ ኃይለኛ መጠጥ ነው። መሪ የያዘችው ልጅዎም፣ በሃይማኖት ምክንያት መጠጥ የማይቀምስ ሰውም ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ጥያቄ

እኔ ደግሞ ከወልድያ ነኝ። ፍሎሪዳ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በካሪቢያን መርከብ ሊወስደኝ ነው፤ ባርቤዶስና ሴንት ቶማስ ላይ እንደሚቆም ነግሮኛል። እዚያስ መኪና እንከራይ?

መልስ

ወንድማችን፤ ለእነዚህ ሁለት ደሴቶች መልሳችን ከላይኛው ይለያል። በሁለቱም የሚነዳው በግራ ነው። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ስለምትነዳ አንተም ልማዱ የለህም፤ ወንድምህም በአሜሪካ የሚነዳው በቀኝ ስለሆነ ከጎን ሆኖ የሚያስታውሰው ሰው አይኖርም። ሴንት ቶማስ የአሜሪካ ግዛት በመሆኗ መኪኖቹ እንደ አሜሪካ መሪያቸው በግራ ሆኖ መንገዱም በግራ ነው፤ አሽከርካሪው በዳርቻው በኩል ስለሚቀመጥ ከፊቱ ያለውን መኪና ለመቅደም አሻግሮ ማየት ያቅተዋል፤ መንገዱም ጠባብና ዳገታማ ነው። ባርቤዶስ ላይ ለጎብኚ የሚሰጥ የመንጃ ፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የኪራይ ድርጅቱ ራሱ ያወጣላችኋል፣ ክፍያው አነስተኛ ነው። ደሴቷም አብዛኛው ሜዳማ ስለሆነች ወንድምህ ብሪጅታውን ወደብ ላይ ከተከራየ በምሥራቁ ጠረፍ ያለችውን ባትሼባን አይቶ መመለስ አይከብደውም። ሴንት ቶማስ ላይ ግን ከወደቡ ታክሲ ከነሾፌሩ ያዙ፤ ዋጋውንና ወደ መርከቡ የምትመለሱበትን ሰዓት ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ።