ፓምፑ ቆሞ ውሃው አልቆም ሲል

አንድ የአዳማ ነዋሪ የጻፉልኝ ችግር ይህ ነው። ሳሎናቸው ውስጥ 80 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 35 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አኳሪየም አላቸው። የተነነውን ውሃ ከ20 ሊትር ጀሪካን እየገፋ የሚተካ ትንሽ ፓምፕ፣ ውሃው ልኩ ላይ ሲደርስም ፓምፑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ተገጥሞለታል። ለወራት ሲያገለግል ቆይቶ አሁን ሌሊት ጀሪካኑን እያራገፈ ምንጣፉን ያርሳል። ጠጋኙ ተንሳፋፊውን ሁለት ጊዜ ለውጧል፤ መፍትሔ አልተገኘም።

ወንድሜ፣ ከጻፉልኝ ሁሉ ዓይኔ ያረፈው እግረ መንገድዎን በጣሏት አንዲት መስመር ላይ ነው፦ «ጀሪካኑን ሕፃኑ ስለሚነካካው ከሥር አንስተን ከላይ መደርደሪያው ላይ አደረግነው»። ጥፋቱ እዚያ ይመስለኛል።

ለማረጋገጥ ፓምፑ ውሃ እየገፋ ሳለ ስፒናውን ይንቀሉ። ኤሌክትሪክ ተቋርጦም ውሃው ከወረደ ማብሪያ ማጥፊያው ንጹሕ ነው፤ በሲፎን እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ስፒናውን ሲነቅሉ ውሃው ከቆመ ግን ተንሳፋፊውን በአቼቶ ነክረው ውሃው የለጠፈበትን ነጭ ድንጋይ ያስለቅቁትና በቴስተር ይፈትሹት።

ሲፎንን ከበርሜል በጎማ ነዳጅ ስቦ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ በአፍ ይሳባል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነካው በርሜሉ ይራቆታል። እርስዎ ቤት በአፍ የሚስበውን ሰው ቦታ የያዘው ፓምፑ ነው። ቱቦውን አንዴ ከሞላው በኋላ ወደ አኳሪየሙ የሚወርደው የውሃ ዓምድ ይረዝማል፣ ይከብዳልም። እሱ በክብደቱ ሲወርድ ከኋላው ባዶ ቦታ ሊፈጠር ይላል፤ ያን ጊዜ ጀሪካኑ ውስጥ ያለውን ውሃ አየሩ ከላይ እየተጫነ ወደ ቱቦው ያስገባዋል። የቆመ ፓምፕ ደግሞ በር የለውም፤ ውሃው በመሐሉ ያልፋል። የጀሪካኑ ውሃ ከቱቦው መውጫ ከፍ ብሎ እስካለና ቱቦው አየር እስካላገኘ ድረስ ማቆሚያ የለውም። መብራት ቢጠፋ እንኳ ይወርዳል። የቱቦውን ጫፍ ከውሃው በላይ ማንጠልጠልም በቀጭን ቱቦ ላይ ብዙ ጊዜ አያድንም።

ጠጋኙ በሁለተኛው ቀን የማይመልስ ቫልቭ፣ ማለትም ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ፣ ማስገባቱንም ጽፈዋል። ውሃው የሚሄደው ቫልቩ በሚፈቅደው አቅጣጫ ስለሆነ ለምን እንደገባ አልገባኝም። ገንዘብዎን ግን በልቷል።

የሚሻለው ጀሪካኑን ወደ ታች መልሶ በር ባለው ሣጥን ውስጥ መዝጋት ነው። ያን ጊዜ የቱቦውን ጫፍ ከአኳሪየሙ ውሃ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይሰሩት፤ ከተዘፈቀ የዓሣው ውሃ ተመልሶ ጀሪካኑ ውስጥ ይገባል። የጠብታው ድምፅ እንቅልፍ ከነሣዎት ጫፉን ወደ መስታወቱ ያዙሩት። የግድ ላይ ይቀመጥ ካሉ ደግሞ ቱቦው በሚታጠፍበት ከፍተኛ ቦታ፣ ከጀሪካኑ ውሃ በላይ፣ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ። ፓምፑ ሲሠራ በዚያ የምትረጨው ውሃ ወደ ጀሪካኑ አፍ እንድትመለስ ያዙሯት። ድንጋይ እንዳይደፍናት በየወሩ በመርፌ ይጥረጓት።

የጀሪካኑም መጠን አላማረኝም። ከውሃው እስከ መስታወቱ አፍ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ቢኖርዎት የሚይዘው 8.4 ሊትር ነው። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ቢያደርጉ ሁሉ ነገር ቢበላሽ እንኳ ምንጣፉ ይተርፋል። አዳማ በነፋሷ ተርባይን የምታዞር ከተማ ናት፤ ቬንትሌተር ሲጨመርበት ውሃው ቶሎ ስለሚተን በየጊዜው መሙላት ይኖርብዎታል፤ ይታገሱት።

የላኩት ፎቶግራፍ ግን አስደንግጦኛል። ጠጋኙ 220 ቮልቱን በቀጥታ በተንሳፋፊው አሳልፎ ማያያዣውን ውሃው አጠገብ በናስትሮ ጠቅልሎታል! እነዚያ ርካሽ ተንሳፋፊዎች የሞተር ጭነት አይችሉም፤ ውስጣቸው ያለው ቀጭን መገናኛ ይጣበቃል። ይህን ሁሉ አውጥተው በ12 ቮልት ፓምፕና አዳፕተር ይተኩት፤ አዳፕተሩም ማከፋፈያውም ውሃ ከማይደርስበት ከፍ ብለው ይሰቀሉ። እስከዚያው እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት ስፒናውን ይንቀሉ። መብራት ጠፍቷል ብለው አይዘናጉ፤ ሲመጣ አንኳኩቶ አይገባም። እጅ ወደ ውሃው የሚገባው ስፒናው ከሶኬቱ ወጥቶ በዓይንዎ ሲያዩት ብቻ ነው።