መርከቡ የሚጠብቀው ማንን ነው?

ጥያቄ፦ ለ31 ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። ካናዳ የምትኖረው ልጃችን በመጪው ሐምሌ እኔንና አባቷን በመዝናኛ መርከብ ልታንሸራሽረን ትኬት ቆርጣለች። ከባርሴሎና ተነሥተን የሮም ወደብ በሆነችው ቺቪታቬኪያ፣ ኔፕልስ፣ በግሪኳ ደሴት ሳንቶሪኒና በቱርኳ ኩሻዳሲ ላይ እየቆምን የአቴንስ ወደብ ፒሬየስ ላይ እንወርዳለን። መርከቡ በየወደቡ የራሱን ጉብኝት ይሸጣል፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ልጄ ሮም የሚኖር አንድ ያገራችን ልጅ አግኝታለች፤ ከወደብ በመኪናው ተቀብሎ በግማሽ ዋጋ ሊያስጎበኘን ዝግጁ ነው። ባለቤቴ ጉልበቱን ያመዋል፤ የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳል። እኔ ሮም ላይ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ቦታ፣ ኩሻዳሲ ላይ ደግሞ የእመቤታችን ቤት የሚባለውን ሳላይ መመለስ አልፈልግም። የቱን እንምረጥ?
(መምህርቷ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እትዬ መምህርት፣ ዋጋውን ለጊዜው ወደ ጎን ይተዉልኝና አንድ ነገር ልንገርዎ። ሐዋሳ ተመልሼ ጀልባ ከመግዛቴ በፊት ሰባት ዓመት በእንዲህ ዓይነት መርከብ ላይ የመንገደኞች ክፍል አጽድቻለሁ። አንድ ቀን የጣሊያኗ ሊቮርኖ ወደብ ቆመን ሳለ፣ ከፍሎረንስ በሚመጣው መንገድ ላይ አደጋ ደርሶ መኪናው ሁሉ ተገተረ። የመርከቡን ጉብኝት የገዙ ሰዎችን የያዙ ሁለት አውቶቡሶች 40 ደቂቃ ዘገዩ። ካፒቴኑ ጠበቃቸው። በግላቸው ታክሲ ይዘው የሄዱ ባልና ሚስትም በዚያው መንገድ ላይ ነበሩ፤ ክፍላቸውን የማጸዳው እኔ ነኝ። አውቶቡሶቹ ገቡ፤ መወጣጫው ተነሣ። ቀደም ብለን ከጥበቃ ሠራተኛ ጋር ክፍላቸው ገብተን ፓስፖርታቸውን ከካዝናው አውጥተን ለወደቡ ወኪል ሰጥተን ነበር። መርከቡ ከወደቡ ጥቂት ሜትር እንደራቀ ታክሲው ደረሰ። ሴትየዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ ስትሮጥ አየኋት። የባሏ መድኃኒት ግን ራስጌው ላይ እንዳለ ከእኛ ጋር ሄደ። ያን ማታ እንደ ደንቡ አልጋቸውን አነጠፍኩ፤ በፎጣ የተሠራ ዝሆንም አስቀምጬላቸው ወጣሁ። በሌላ ወደብ የደረሱብን በራሳቸው የአውሮፕላን ወጪ ነው።

መንገዱ አንድ ነበር፤ መዘግየቱም አንድ ነበር። የመርከቡ ጉብኝት የሚወደደው አስጎብኚው ስለሚበልጥ እንዳይመስልዎ። ሥራውን ከመርከቡ ጋር ተዋውለው የሚሠሩት የየአገሩ አስጎብኚ ድርጅቶች ናቸው፤ በግል ቢጠሩት ያው ሰው በዚያው አውቶቡስ ሊመጣ ይችላል። መርከቡ በላዩ ላይ የሚጨምረው ዋስትና ነው። የእርሱ ጉብኝት ከዘገየ ይጠብቅዎታል፤ መጠበቅ ካልቻለም በራሱ ወጪ ቀጣዩ ወደብ ያደርስዎታል። እንግዲህ ይህን ዋስትና የት መግዛት፣ የት መተው እንዳለብዎ ወደብ በወደብ እንየው።

ሮም ላይ ይግዙት። ስሙ «ሮም» ይባል እንጂ መርከቡ የሚቆመው ቺቪታቬኪያ ነው፤ ከዚያ ሮም 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባቡር አለ፤ ቅዱስ ጴጥሮስ አጠገብ ካለው ጣቢያም ያወርዳል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ነገር ግን የጣሊያን ባቡር ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ሲመቱ ለኔ ብጤ መንገደኛ አያዝኑም። ያገራችንን ልጅ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠይቁት። ጣሊያን ውስጥ በክፍያ ለማስጎብኘት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በመኪና ሰው በክፍያ ለማመላለስ ደግሞ ሌላ ፈቃድ። ሁለቱም ካሉት ደስ ይበልዎ። ከሌሉት ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ ሲያነጋግረው የሚያልቀው የእርስዎ ሰዓት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው መካከለኛ መንገድ አለ። አብዛኞቹ መርከቦች አስጎብኚ የሌለበት፣ ማመላለሻ ብቻ የሆነ የሮም አውቶቡስ ይሸጣሉ። ጠዋት ከተማው ውስጥ ያወርዳችኋል፤ ከሰዓት በኋላ ከዚያው ቦታ ይወስዳችኋል። ከሙሉው ጉብኝት ይረክሳል፤ አውራ ጎዳናው ቢዘጋም ጣጣው የመርከቡ ነው። እናንተ አውቶቡሱን ካላመለጣችሁ በቀር! ልጁ ሮም ላይ ይቀበላችሁና በመካከል ያሉትን አምስት ወይም ስድስት ሰዓታት ከእርሱ ጋር አሳልፉ። ፈቃድ ባይኖረውም እንደ ወገን አብሯችሁ ይዘዋወር፤ እናንተም ምሳ ጋብዙት።

እርሱን የምፈልግልዎ በሌላ ምክንያት ነው። የመርከቡ አስጎብኚ 45 ሰው አስከትሎ፣ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ከፍ አድርጎ ኮሎሲየምንና የትሬቪን ምንጭ ያሳይዎታል። የእርስዎ ሮም ግን ሌላ ናት። ሐውልታችን ቆሞ የነበረው ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ፣ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። ሕንፃው ራሱ የተጀመረው ለጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ታስቦ ነበር። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. አገሩ ገብቶ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዳግም ቆመ። የምድር ውስጥ ባቡሩ (ሜትሮው) ቺርኮ ማሲሞ ጣቢያ ላይ እዚያው ደጃፍ ያወርዳል፤ ባለቤትዎ፣ አባታችን፣ ብዙ አይራመዱም።

ከዚያ በዚያው ሜትሮ ሦስት ጣቢያ ተጉዛችሁ ተርሚኒ ውረዱ። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ለእርስዎ አልነግርም፤ በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ናቸው። ከአደባባዩ አለፍ ብሎ ለእነርሱ መታሰቢያ የተተከለ የግብፅ ሐውልት አለ፤ ግርጌው ላይ የሟቾቹ ስም ተቀርጿል። እኔ ከመርከብ ወርጄ ባቡር ስጠብቅ አራት ጊዜ በአጠገቡ አልፌ አላወቅሁትም፤ አምስተኛው ጊዜ ነው አንድ የአስመራ ሰው ክንዴን ይዞ ያሳየኝ። የትኛው የመርከብ አውቶቡስ እዚህ ይቆምልዎታል? ጊዜ ከተረፈ ቅዱስ ጴጥሮስ ይግቡ፤ መግቢያው ነፃ ነው፤ ትከሻና ጉልበት ግን መሸፈን አለበት፣ ነጠላዎን አይርሱ።

ኔፕልስ ላይ ወደቡ ከተማው ውስጥ ነው፤ ምንም ሳይገዙ ወርደው ቡና ይጠጡ። የጥንቷን ከተማ ፍርስራሽ፣ ፖምፔይን፣ አባታችን በዚያ ጉልበት፣ በዚያ ድንጋይ ንጣፍ ላይ አይሞክሩት።

ሳንቶሪኒ ላይ መርከቡ ወደብ አይጠጋም፤ በትንንሽ ጀልባዎች ነው የሚወረደው። ከታችኛው ወደብ ገደሉ አናት ላይ እስካለችው ከተማ፣ እስከ ፊራ፣ ከ580 በላይ ደረጃ አለ። አማራጩ አህያ ወይም በገመድ የሚጎተት ሳጥን ነው፤ የሳጥኑ ሰልፍ በሐምሌ ፀሐይ ያስመርራል። የመርከቡን ጉብኝት የገዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ቀድመው ወርደው በሌላ ወደብ በኩል በአውቶቡስ ይወጣሉ። ስለ አባታችን ጉልበት ሲባል እዚህም የመርከቡን ይግዙ። ነፋስ በርትቶ መርከቡ ሳይቆም ቢያልፍም ገንዘቡ ይመለስላችኋል።

ኩሻዳሲ ላይ ግን የግል መኪና ይያዙ። መርከቡ ከተማው ደጃፍ ይቆማል፤ የጥንቷ ከተማ የኤፌሶን ፍርስራሽ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከላይኛው በር አስገብቶ ከታችኛው በር የሚቀበላችሁ ሾፌር ያለው አስጎብኚ ይፈልጉ፤ አባታችን ቁልቁለቱን ብቻ ይወርዳሉ። ምንጣፍ መሸጫ እንዳይወስዳችሁ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ንገሩት። እውነቱን ለመናገር የመርከቡም አውቶቡስ ምንጣፍ ቤት ይቆማል። የእመቤታችን ቤት ተራራው ላይ ያለች ትንሽ የድንጋይ ቤት ናት፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይሳለማታል፤ ከሥሯ ውኃ ይቀዳል፣ ትንሽ ጠርሙስ ይያዙ። በእኛ ትውፊት ዕረፍቷ ኢየሩሳሌም፣ መቃብሯም ጌቴሴማኒ መሆኑን ለአስጎብኚው ማስረዳት ከጀመሩ ግን ሰዓቱ ያልቃል። የመሳፈሪያው መጨረሻ ከተባለው ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ተመለሱ። እዚህ መቅረት ለእናንተ ከሌላው ይከፋል፦ ኩሻዳሲ ስትገቡ ከሼንገን፣ በአንድ ቪዛ ከሚዞሩባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ወጥታችኋል፤ ፒሬየስ ላይ ዳግም ትገባላችሁ። የሼንገን ቪዛችሁ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑን፣ የቱርክ ቪዛም እንዳላችሁ ልጅዎ ዛሬውኑ ታረጋግጥ።

ክፍያን በተመለከተ፣ ፍቅር ሐይቅ ላይ ጉማሬ ለማየት ጀልባ የተከራየ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ያድርጉ፦ ዋጋ ሳይሳፈሩ፣ ሒሳብ ከተመለሱ በኋላ። ቀብድ የግድ ከሆነ፣ መርከቡ ወደቡ ላይ ካልቆመ ገንዘቡ እንደሚመለስ የሚል ቃል በጽሑፍ ይቀበሉ። ከመርከቡ በወረዳችሁ ቁጥር የሁለት ቀን መድኃኒት፣ የፓስፖርት ኮፒና በዕለቱ መርሐ ግብር ላይ የሚታተመው የወደብ ወኪል ስልክ ቦርሳዎ ውስጥ ይሁን።

ሰዓትን እንጨርስ። የመሳፈሪያው መጨረሻ 17:30 ከተባለ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል ነው፤ ይህን በአማርኛ ጽፈው የአባታችን ኪስ ይክተቱ። የእጅ ሰዓታቸውን በሐዋሳ እንደሞሉት ቢተዉት ግድ የለም። በሐምሌ ግሪክና ቱርክ ከእኛ ጋር እኩል ናቸው፤ ስፔንና ጣሊያን ግን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ። ስለዚህ ሮም ላይ «ረፈደብን!» እያሉ አንድ ሰዓት ቀድመው ያስቸኩሉዎታል፤ እባክዎ አያርሟቸው።