ልቤ ነው ወይስ ኑሮዬ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ26 ዓመት ሴት ነኝ። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ተከራይቼ ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። እሱ 12ኛ ክፍል ነው። እኔ ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነኝ፤ ማታ ደግሞ አካውንቲንግ እማራለሁ። የመውጫ ፈተናው ሦስት ወር ቀርቶታል። ሰሞኑን አከራዬ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 2,000 ብር ጨምሪ አሉኝ። ዕቁብ አለብኝ፣ ለእናቴ የምልከው አለ፣ በስልክ የተበደርኩትም አላለቀም።

ሁለት ወር ሆነኝ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን እነቃለሁ። ልቤ ይደልቃል፣ ምቱ አንገቴ ድረስ ይሰማኛል። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ማታ ክፍል ውስጥ እንዳልተኛ 11 ሰዓት ላይ ሁለት ስኒ ቡና እጠጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ባቡር ውስጥ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ የምሞት መሰለኝና ሲኤምሲ ላይ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ባቡር ፈራሁ። ክሊኒክ ሄጄ ኢሲጂ ተነሣሁ፤ «ልብሽ ደህና ነው፣ ጭንቀት ነው፣ አትጨነቂ» ብለው የጨጓራ መድኃኒት ሰጡኝ። ጎረቤቴ ግማሽ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጥታኝ አንድ ቀን ጥሩ ተኛሁ። እናቴ ፀበል ግቢ ትለኛለች። ልቤ እውነት ደህና ነው? ወይስ እያበድኩ ነው?

መልስ፦ ፈቃድሽ ከሆነ አንቺ እያልኩ ልጻፍ። «እርስዎ» እያሉ ስለ ሌሊት 9 ሰዓት ማውራት አይመቸኝም።

እያበድሽ አይደለም። ልብሽም ከጻፍሽልኝ ነገር የታመመ አይመስልም። ኢሲጂው ደህና ነው፣ ዕድሜሽ 26 ነው፣ ድለቃው የሚመጣው ተኝተሽ ወይም ቆመሽ እንጂ ስትደክሚ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። የእናንተ ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውም። ውሃ በጠፋ ቀን ጀሪካን ተሸክመሽ ፎቅ ስትወጪ ደረትሽን ጨምድዶ ይይዝሻል? ካልያዘሽ እሱ ለእኔ ብዙ ይነግረኛል። ከያዘሽ፣ ሕመሙ ወደ ክንድሽ ወይም ወደ መንጋጋሽ ከሄደ፣ ወይም ራስሽን ስተሽ ከወደቅሽ ግን ይህንን ጽሑፍ ማንበብ ትተሽ ሆስፒታል ሂጂ።

ባቡር ውስጥ የሆነውን ልንገርሽ፤ ሰው ያልገባውን ነገር ነው አብዝቶ የሚፈራው።

ከተማ ዳር ለሚኖር ሰው ጅብ ተረት ብቻ አይደለም። ማታ ከታክሲ ወርደሽ ወደ ብሎክሽ ስትሄጂ ከጨለማው ጅብ ብቅ ቢል ከኩላሊትሽ በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይረጫሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሆድ ሥራ ያቆማል። ለመሮጥ ነው። ሩጠሽ ቤት ከገባሽ በኋላ ሁሉም ይበርዳል። ችግሩ፣ ሰውነትሽ ጅብንና የቤት ኪራይን ለይቶ አያውቅም። ለሁለቱም ያው አድሬናሊን ነው የሚረጨው። ከኪራይ ደግሞ ሮጠሽ አታመልጪም፤ ስለዚህ አይበርድም።

እንዲህ ሲጠራቀም ቆይቶ አንድ ቀን ያለ ምንም ምክንያት፣ ባቡር ውስጥ ቆመሽ፣ ይፈነዳል። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሺ የተቃጠለውን አየር ከሚገባው በላይ ታወጪዋለሽ። ያ ሲያንስ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ራስ ይከብዳል፣ አየር ያነሰ ይመስላል። አየር ግን አላነሰም። ሰው ያኔ ይበልጥ ይተነፍሳል፣ ይበልጥ ይደነዝዛል። ይህ ነገር አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣራ ይነካና ከዚያ በራሱ ይወርዳል። ሲኤምሲ ወርደሽ የተሻለሽ ስለወረድሽ ይመስልሻል፤ ባትወርጂም ይሻልሽ ነበር። አእምሮሽ ግን «ባቡር አደገኛ ነው፣ መውረድ ያድናል» ብሎ መዝግቦታል። መዝገቡ የሚፋቀው ተመልሰሽ በመሳፈር ብቻ ነው። ቅዳሜ ከወንድምሽ ጋር ከአያት ሁለት ጣቢያ ብቻ ሂጂ። በሚቀጥለው አራት። ከመጣብሽ በአፍንጫሽ አራት እየቆጠርሽ አስገቢ፣ ስድስት እየቆጠርሽ በቀስታ አስወጪ፤ ዋናው ማስወጣቱ ነው። ጥቂት ደቂቃ እንዲህ አድርጊ። ፌስታል ውስጥ መተንፈስ የሚሉሽን አትስሚ።

ይህንን በመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ኢንተርን ሳለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆኜ ባደርኩ ማግስት፣ ልቤ እንዲህ ሲደልቅብኝ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ኢሲጂ ተነሥቻለሁ። ሦስተኛው ላይ ነርሷ ወረቀቱን እየቀደደች «ዶክተር፣ አሁን ሂድና ተኛ» አለችኝ። ተቀይሜያት ነበር። ትክክል ነበረች።

«አትጨነቂ» ማለት ግን ሕክምና አይደለም። የእኛ የሐኪሞች መጥፎ ልማድ ነው። ኢሲጂው ደህና ከሆነ በኋላ ማየት የነበረባቸው ሌላ ነገር አለ። አቅራቢያሽ ካለው ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሄሞግሎቢን አሠሪ፤ ደም ማነስ ልብን ያስደልቃል፣ በአንቺ ዕድሜ ሴቶች ላይም ብዙ ጊዜ እናየዋለን። የታይሮይድ ምርመራ ከተገኘ እሱንም፤ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ሲበዛ ልክ አንቺ የጻፍሽውን ያመጣል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። የጨጓራው መድኃኒት ጨጓራሽ ካላቃጠለሽ አያስፈልግሽም።

አሁን ወደ ቡናው። እንደምትጣዪኝ አውቃለሁ። ካፌይን ሰውነት ውስጥ ገብቶ ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 11 ሰዓት ላይ ሁለት ስኒ ከጠጣሽ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ አንድ ስኒ ጠጥተሽ እንደተኛሽ ቁጠሪው። እንቅልፍ ቢወስድሽ እንኳ ስስ ይሆናል፤ 9 ሰዓት ላይ ትንሽ ኮሽታ ይበቃዋል። ቡና ተዪ አላልኩሽም፣ አበሻ ነሽ። ጠዋት አቦሉን ጠጪ፣ ከ6 ሰዓት ቀን በኋላ ግን ይብቃ። ለመጀመሪያው ሳምንት ራስሽን ሊያምሽ ይችላል፣ ክፍል ውስጥም ታንቀላፊያለሽ። ይሁን። እንቅልፍ የሚያመጣብሽ የቡና እጥረት ሳይሆን የእንቅልፍ እጥረት ነው። የክፍል ጓደኞችሽ ጫት መቃም ለማጥናት ይረዳል ካሉሽ፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ አድሬናሊኑ ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው።

ስቱዲዮ ቤት ውስጥ አልጋ ብዙ ሥራ አለበት። ሶፋ ነው፣ የጥናት ጠረጴዛ ነው፣ ምሳ ዕቃ የሚቋጠርበት ነው፣ የዕቁብ ሒሳብ የሚሠራበት ነው። አእምሮ አልጋውን ሲያይ «ሥራ» ይላል። ሌላ ክፍል የለሽም፣ ይገባኛል። ግን አንዲት ዱካ ትበቃለች። ማጥናትም፣ ሒሳብም፣ ስልክም ዱካዋ ላይ ይሁን፤ አልጋው ላይ መተኛት ብቻ። ሌሊት ነቅተሽ ሃያ ደቂቃ ያህል እንቅልፍ እንቢ ካለሽ ተነሺና ዱካዋ ላይ ተቀመጪ። መብራት አታብሪ፣ ሰዓት አትዪ። በተለይ ስልክ አትንኪ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የብድር ቀሪ ሒሳብ አይቶ የተኛ ሰው አላጋጠመኝም። እንቅልፍሽ ሲመጣ ተመለሺ። ጠዋት የምትነሽበት ሰዓት ደግሞ እሑድም ቢሆን ብዙ አይለያይ።

ፈተናውን ካነሣን፣ ቀን የተማርሽውን አእምሮ የሚያጠናክረው ስትተኚ ነው። አራት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ማጥናት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። የማለፊያው ውጤት 50 ነው። የሰቃይነት ፈተና አይደለም። ያላለፈ ደግሞ እንደገና መቀመጥ ይችላል።

የጎረቤትሽ ኪኒን። ስሙን ባትጽፊልኝም ዳያዜፓም ይመስለኛል፤ ብዙ ሰው ቫሊየም ይለዋል። ጎረቤትሽ በቅንነት ነው የሰጠችሽ። ግን በየቀኑ ከተዋጠ በጥቂት ሳምንት ሰውነት ይለምደዋል፤ ግማሹ የማይበቃበት፣ ያለ እሱ ደግሞ ጭራሽ የማይተኛበት ቀን ይመጣል። ከቢራ ጋር ከተወሰደ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። አንድ ቀን ወስደሻል፣ አልጎዳሽም። ሁለተኛውን መልሺላት። እሷ ራሷ ለወራት በየቀኑ ስትወስድ ከነበረ ግን በአንድ ጊዜ እንዳታቆም ንገሪያት፤ ቀስ በቀስ በሐኪም ነው የሚወርደው።

ገንዘቡን እኔ አላክምልሽም። ሐኪም ሆኖ «ገንዘብ አያስጨንቅሽ» የሚል ሰው ደመወዙ ሌላ ቦታ አለ ማለት ነው። የማውቀው ግን፣ ጭንቅላት ውስጥ ያለ ዕዳ ወረቀት ላይ ካለ ዕዳ ይከብዳል። ጭንቅላት ውስጥ ሲሆን 2,000 ብሩ ሌሊቱን ሙሉ መቶ ጊዜ ይመጣል። እሑድ ከሰዓት ግማሽ ሰዓት መድቢ። ደብተር ላይ፦ የሚገባው፣ የሚወጣው፣ ለማን ስንት፣ መቼ። ካሸር ነሽ፣ አካውንቲንግ ትማሪያለሽ፤ የሱቁን ሒሳብ በየቀኑ ትዘጊያለሽ፣ የራስሽን ግን ክፍት ትተሽዋል። ሌሊት ሲመጣብሽ «እሑድ ነው ቀጠሮሽ» በይው። ቀልድ ይመስላል። ይሠራል።

ስትጽፊው ምናልባት ሁለት ነገር ታያለሽ። አንደኛው የስልክ ብድሩ ነው። አንዱን ለመክፈል ሌላ እየተበደርሽ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ዝጊ። ለዚህ የዕቁቡን ዳኛ ቀርበሽ አነጋግሪ። ዕጣሽ ሩቅ ከሆነ ቀድሞ የደረሰው ሰው ሊቀይርሽ ይችል ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ልመና ለዳኛ አዲስ አይደለም። ዝም ብሎ መቅረት ነው የሚያሳፍረው። ሁለተኛው ኪራዩ ነው። የሕግ ሰው አይደለሁም፣ ግን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚባል አለ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን እንጂ አከራይ ባሰኛቸው ቀን አይደለም። ወረዳሽ ሄደሽ ጠይቂ። ከአከራይሽ ጋር ተጣዪ አላልኩም፤ አንዳንዴ «ሕጉን ሰምቻለሁ፣ እስኪ እንነጋገር» ማለት ብቻ 2,000ውን ያሳንሰዋል።

ፀበል ግቢ ያሉሽን እናትሽን አልቃወማቸውም። ሰላም የሚሰጥሽ ከሆነ ግቢ። ሐኪም ያዘዘልሽ መድኃኒት ካለ ግን ለፀበል ብለሽ አታቋርጪ። አንዱ ለሌላው ቦታ አይነፍግም።

ይህንን ሁሉ አድርገሽ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካላየሽ፣ ወይም ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር ደስ የማይልሽ፣ ምግብ የማያስበላሽ፣ ከአልጋ መነሣት ተራራ የሚሆንብሽ ከሆነ ይህ ኑሮ ብቻ አይደለም፤ ሕመም ሆኗልና ይታከማል። የንግግር ሕክምና አለ። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶችም አሉ፤ ጎረቤትሽ እንደሰጠችሽ ኪኒን ሱስ አያስይዙም፣ ግን ሥራቸው የሚታየው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፣ ትዕግሥት ይፈልጋሉ። ከጤና ጣቢያ ጀምሪ። ሪፈር ካስፈለገ በዘውዲቱ፣ በየካቲት 12፣ በቅዱስ ጳውሎስ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። አማኑኤልም አለ። ሰፈር ውስጥ «አማኑኤል ግባ» ስድብ ነው፣ አውቃለሁ። ተመላላሽ ክፍሉን ሄዶ ላየ ግን ወንበሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት አስተማሪ፣ ነጋዴ፣ ሹፌር፣ ተማሪ ናቸው። አንቺን የሚመስሉ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ሳምንት አይቆጠርም፤ በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ተናግረሽ፣ ብቻሽን ሳትሆኚ፣ ቅርብሽ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ደብዳቤሽ ውስጥ ወንድምሽን ሁለት ጊዜ ጠብቄው ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ እየኖራችሁ፣ ሌሊት ስትነቂ ያውቃል? የኪራዩን ጭማሪ ነግረሽዋል? 12ኛ ክፍል ነው፣ አትረብሺው ብለሽ ይሆናል። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ የሚኖር ልጅ እህቱ እንደማትተኛ ያውቃል፤ ምክንያቱን ነው የማያውቀው። የማያውቀውን ደግሞ ከእውነቱ የከፋ አድርጎ ነው የሚያስበው። ዛሬ ማታ ሽንኩርት እየላጣችሁ ንገሪው። ውሃ መቅዳቱንና ዳቦ መግዛቱን ከነገ ጀምሮ እሱ ይውሰድ። የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ደግሞ ቁጥሩን ጻፊልኝ።