ከፍቺ በኋላ ታክሴን በምን ልሙላ?

ጥያቄ፦ ያደግኩት ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው፤ አሁንም እናቴን ልጠይቅ መጥቼ እዚሁ ነኝ። ኑሮዬ ግን ቨርጂኒያ ነው። ከባለቤቴ ጋር እዚያው ፍርድ ቤት ኖቬምበር 2025 ላይ ተፋተናል። ሁለቱ ልጆቻችን የሚኖሩት ከእኔ ጋር ነው፣ ቅዳሜና እሁድ አባታቸው ይወስዳቸዋል። ክረምቱን ደሴ አያታቸው ጋ ነበሩ። እሱ "ለ2025 እንደ ድሮው በጋራ እንሙላ፣ ሪፈንዱ (ተመላሹ ገንዘብ) ይበዛል" ይላል። የሁለታችንም ቤተሰብ ደሴ ስለሆነ ሽማግሌዎች ገብተው "አንዱን ልጅ እሱ በታክሱ ላይ ይሙላበት፣ አንዱን አንቺ" ብለዋል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህታችን፣ በጋራ መሙላቱን ተይው። አይቻልም። አይአርኤስ (የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) የሚያየው ዲሴምበር 31 ላይ ባለትዳር መሆን አለመሆንሽን ነው። ፍቺው ከዚያ በፊት ከጸና፣ አሥር ወር በትዳር ብትቆዪም ዓመቱን በሙሉ እንዳላገባ ሰው ትቆጠሪያለሽ። ደግሞ በጋራ ፎርም ላይ የፈረመ ሰው ለሙሉው ዕዳ ተጠያቂ ነው፤ እሱ የደበቀው ገቢ ቢኖር አንቺም ትጠየቂያለሽ። ያለፉት ዓመታት የጋራ ፎርሞችም በፍቺ አይሰረዙምና ኮፒያቸውን ከእሱ ተቀብለሽ አስቀምጪ።

የቀረሽ ምርጫ "ሲንግል" (ያላገባ) ወይም "ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ" (የቤት አስተዳዳሪ) ነው። የቤት ኪራዩን፣ የመብራቱንና የአስቤዛውን ወጪ ከግማሽ በላይ የቻልሽው አንቺ ከሆንሽ፣ ልጆቹም ከዓመቱ ግማሽ በላይ አንቺ ጋ ከኖሩ፣ ሁለተኛው ያንቺ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ለ2025 ከታክስ ነፃ የሚቀነሰው ለሲንግል 15,750 ዶላር ሲሆን ለሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ 23,625 ነው። ደሴ ያሳለፉት ክረምትስ? አያታቸውን ጠይቀው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ልጆች ለጊዜው እንደተለዩ ነው የሚቆጠሩት፣ ያ ጊዜ አንቺ ጋ እንደኖሩ ይያዝልሻል። የትምህርት ቤታቸውን ወረቀትና የአውሮፕላን ትኬታቸውን ግን አትጣይ።

ወደ ሽማግሌዎቹ ልምጣ። ሰላም ፈልገው ነውና ቃላቸውን ማክበርሽ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አይአርኤስ የሚጠይቀው ልጁ ብዙ ሌሊት ያደረው የት ነው ብሎ ነው፣ እሱም አንቺ ጋ ነው። ስለዚህ አባትየው አንዱን ልጅ መሙላት የሚችለው አንቺ ፎርም 8332 (ልጁ ለሌላው ወላጅ የሚለቀቅበት ወረቀት) ላይ ስትፈርሚለት ብቻ ነው። በዚያ ፎርም ለ2025 እስከ 2,200 ዶላር የሚደርሰው የልጅ ክሬዲት (ከታክስ ዕዳ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ) ወደ እሱ ያልፋል። ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድነቱ ግን አያልፍም፣ ሽማግሌም ዳኛም ቢወስን ካንቺ ጋር ይቀራል። ይህን ሽማግሌዎቹ ፊት በግልጽ ተናገሪ፣ ኋላ ቅሬታ እንዳይነሳ። ስትፈርሚም ለአንድ ዓመት ብቻ በሚለው የመጀመሪያ ክፍል ላይ ይሁን፤ የሚቀጥሉትን ዓመታት አሳልፎ የሚሰጠውን ሁለተኛውን ክፍል ባዶ ተይው። ቀለብ ካቋረጠ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ወረቀት መፈረም አለመፈረሙ በእጅሽ ነው።

ሽምግልናው ተጓቶ ፍቺያቸው ዲሴምበር 31 ድረስ ላላለቀ እህቶችም አንድ ነገር ልጨምር። የዓመቱን የመጨረሻ ስድስት ወር ባልሽ ቤትሽ ካልኖረ፣ ልጁም ከዓመቱ ግማሽ በላይ አንቺ ጋ ከኖረ፣ የቤቱንም ወጪ ከግማሽ በላይ አንቺ ከቻልሽ፣ ሳትፋቺም በሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ መሙላት ይቻላል።

ማስገቢያው ኤፕሪል 15 ነው። እስከዚያ ደሴ ከቆየሽ እዚሁ ሆነሽ በኢንተርኔት ላኪ፤ ካልደረሰልሽ በፎርም 4868 እስከ ኦክቶበር 15 ማራዘም ትችያለሽ። የምትከፍይው ካለ ግን ገንዘቡ አይራዘምም፣ በኤፕሪሉ ቀን ይከፈላል።