የታሰረ ልጅ ለመጠየቅ፦ ጥያቄና መልስ

ጋሼ ጎጃም ውስጥ በማረሚያ ቤት ማኅበራዊ ሠራተኝነት ለዓመታት አገልግለዋል። ዛሬ የታሰሩ ታዳጊዎችን ስለ መጠየቅ ይመልሱልናል።

ከሞጣ፦ ጋሼ፣ የእህቴ ልጅ ታስሯል። እንዴት ልጠይቀው?

ጋሼ፦ የት? ጣቢያ ነው ማረሚያ ቤት? መጀመሪያ ይህን እወቂ። ጣቢያ ከሆነ ተረኛውን አናግሪ። ማረሚያ ቤት ከሆነ የመጠየቂያውን ቀን በር ላይ ጠይቂ፤ እንደየቦታው ይለያያል። መታወቂያሽን ያዢ። "አስገባሻለሁ" ለሚል ብር አትስጪ።

ከቡሬ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ከትልልቆች ጋር ነው ያለው አሉኝ። ምን ይዤ ልሂድ?

ጋሼ፦ እሰይ፣ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ከስንቁ በፊት የዕድሜ ማስረጃ ያዙ። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ የክርስትና ወይም የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ የተገኘውን። የገጠር ልጅ ብዙ ጊዜ ወረቀት የለውም። መርማሪው "ስንት ዓመትህ ነው?" ይለዋል። ልጁ ፈርቶ ወይም ትልቅ ለመምሰል "18" ይላል። አለቀ፣ መዝገቡ ላይ ሰፈረ። ከዚያ በኋላ እንደ አዋቂ ይታያል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ጨርሶ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው የአዋቂ ቅጣት አይቀጣም፤ ከአዋቂ ጋርም አይታሰርም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ለብቻ ይያዙ ይላል። ኮፒውን ለመርማሪው ስጡ፣ ዋናውን ለዳኛው አሳዩ። ዋናውን ለማንም ትታችሁ እንዳትመጡ!

ከደጀን፦ ምግብስ ያስገባሉ?

ጋሼ፦ አዎ። ጠባቂው ቅመሺ ካለሽ ቅመሺ፣ አትከፊ። ሞባይል አትያዢ።

ከዳንግላ፦ እኔ አልስማማም። ትንሽ ይማርበት። ወላጅ ስንቅ ተሸክሞ ሲመላለስ ነው ልጅ የሚበላሸው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ወንድምዓለም፣ ልጅ የለህም መሰል።

ከዳንግላ፦ ሦስት አሉኝ! የሰው በግ የሰረቀን ልጅ ማቆላመጥ ምን ይባላል?

ጋሼ፦ ተዉ እንጂ። ጠያቂ የሌለው ልጅ እስር ቤት ውስጥ ቶሎ ይታወቃል። ነጠላ ጫማ የሚሰጠው፣ እንጀራ የሚያካፍለው ሰው ያገኛል። ከዚያ ያ ሰው ያዘዘውን ይሠራል። ይሄ ነው ወይ መማር? ስትጠይቁትም "አዋረድከን" አትበሉት። በልቷል ወይ? የሚተኛው ከማን ጋር ነው? የመታው አለ? ፊቱንና እጁን እዩ። ተመትቶ ከሆነ ለዳኛው ንገሩ።

ከቢቸና፦ አስተማሪው ነኝ፣ ዘመዱ አይደለሁም። ያስገቡኛል?

ጋሼ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ ይጎብኙት ይላል። አስተማሪ ብሎ በስም አልጠራም። ከወላጁ ጋር ሂድ። ከትምህርት ቤት የተመዘገበበትን ማስረጃ አውጣለት፤ ዕድሜው እዚያ አለ። ከአንተ በላይ የሚጠቅመው ሰው የለም።

ከደብረ ማርቆስ፦ ዋስትናው ስንት ብር ይሆናል?

ጋሼ፦ የሚወስነው ዳኛው ነው። ጠበቃ ጠይቅ። በመሀል ለሚገባ ደላላ ግን ብር አትስጥ ብያለሁ።

ከእንጅባራ፦ ጋሼ፣ የታሰረ ልጅ እንዴት ነው የሚጠየቀው?

ጋሼ፦ እስካሁን ምን ስናወራ ነበር? ከላይ አንብብ። ጣቢያ ይሁን ማረሚያ ቤት ለይተህ ና። የዕድሜውንም ወረቀት ከዛሬ ጀምረህ ፈልግ።