ለተቀደደ የጂንስ ጉልበት፣ መጥቀም ወይስ መጣፍ?

«ጂንሴ ጉልበቱ ላይ ተቀደደ። ልጥቀመው ወይስ እራፊ ልጣፍበት?» ላልከው ወንድሜ፦ ጣፍበት። ስፌት ቤት ይዘኸው ከመሮጥህ በፊት ግን ይህን አንብብ።

1. ቀዳዳውን ቀረብ ብለህ እየው። ስፌቱ ብቻ ከተተረተረ መጥቀም ይበቃዋል፤ ጨርቁ ደህና ነዋ። ጉልበት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰማያዊው ድር (ቁልቁል የሚወርደው ክር) ተበልቶ አልቆ፣ ነጩ ማግ (አግድም የሚያልፈው ክር) ብቻ ተወጥሮ ታገኘዋለህ። ጂንስ ሲሠራ ድሩ ይነከራል፣ ማጉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እነዚያን ነጭ ክሮች እንዳትቆርጣቸው! ለስፌትህ መያዣ ይሆኑሃል።

2. እራፊውን ከውስጥ በኩል አድርገው። ከቀዳዳው አልፎ ዙሪያውን የሳሳውንም ይያዝ። ሱሪውን ወደ ብርሃን ብትዘረጋው የሳሳው ይታይሃል። እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ላይ ነው። አንዱን ልብስ ሰፊ «ከውስጥ እራፊ አድርግበት» ብለው «ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?» ብሎ አፈጠጠብኝ። ሁለቱን ጠርዝ ስቦ አገናኘና በመኪና ደጋግሞ ሰፋው። እንደ ጠባሳ ተኮማትሮ ቀረ። ገና በርከክ ከማለቴ ከስፌቱ ጎን ሸርከት አለ! ጠንካራ ክር የሳሳ ጨርቅ ላይ ሲሳብ ይበላዋል እንጂ አይዘውም። መልሼ ብወስደው «ጨርቅህ ያለቀ ነው» አይለኝም? ታዲያ እኔስ ምን አልኩ? ገንዘቤንም አልመለሰ። የጂንስን ኪስ በመዳብ ሪቬት (ጨርቁን በስቶ በሚያጣብቅ ትንሽ የብረት ምስማር) ያጠነከረው፣ ከጨርቅ ነጋዴው ከሌቪ ስትራውስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1873 የፈጠራ መብት ያገኘው ጄኮብ ዴቪስም እኮ ልብስ ሰፊ ነበር። እሱ የሚቀደደው የቱ ጋ እንደሆነ አይቶ ነው የሠራው። የኔው ቀና ብሎም አላየ።

3. በመጨረሻ ተርትሬ ራሴው ሰፋሁት። አዲስ ጥጥ እራፊ ከሆነ አስቀድመህ እጠበው፤ አለዚያ በኋላ ሲታጠብ ይሰበሰብና ጉልበቱን ያጨማድደዋል። የእራፊው ድር ከሱሪው ድር ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሁን። ከዚያ መርፌውን ብቅ ጥልቅ እያደረግህ ረድፍ በረድፍ ሂድ፣ ክሩን ሳትጎትት። ረድፍ ጨርሰህ ስትመለስ ጫፉ ላይ ትንሽ ላላ አድርገው። ደግሞ ክሩን አታስረዝመው፤ ይወሳሰብና ያናድድሃል። የኔ እስካሁን ንቅንቅ አላለም፤ እንዲያውም «የት አሰፋኸው?» የሚሉኝ አሉ።

ሌላኛውንም ጉልበት ወደ ብርሃን ይዘህ እየው። ሳስቶ ከሆነ ሳይቀደድ አብረህ ጣፍበት።